ጤናችን በቲፎዞ አንደበት



ዛሬ የምናገረው ስለ ጤና አገልግሎታችን በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በዩቲዩብ ስለሚሰጠው ትንታኔ ነው። አንድ አዋጅ ሲወጣ ወይም አንድ አሠራር ሲለወጥ ተንታኞቻችን አስቀድመው የሚያዩት ያመጣውን ወገን ነው። የራሳቸው ወገን ያመጣው ከሆነ ይመሰገናል፤ የሌላው ከሆነ ይኮነናል። ነገሩ ለታመመ ሰው ምን እንደሚያደርግለት የሚጠየቀው ዘግይቶ ነው፤ ብዙ ጊዜም ሳይጠየቅ ይቀራል። ይህ ልማድ የሰው ሕይወት እያስከፈለን ነው ብዬ አምናለሁ። የምለውንም በቦታና በዓመት አስረዳለሁ።

ይህን በደብረ ወርቅ መናገሬ ደስ ይለኛል። ይህች ደብር ከዲማ ጊዮርጊስና ከደብረ ኤልያስ ጋር ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁን ጨምሮ ስንቱን ሊቅ ያስተማረች ናት። መጽሐፍ የተማረ ሰው የአንድምታን ሥርዓት ያውቀዋል። መምህሩ ኃይለ ቃሉን ይዞ አንድ ፍቺ ይሰጣል፤ ወዲያው «አንድም» ብሎ ሌላውን ያመጣል፤ ሦስተኛም ካለ ሦስተኛውን ይጨምራል። ደቀ መዝሙሩ ሁሉንም ሰምቶ ይይዛል እንጂ የመጀመሪያውን ሰምቶ ብድግ አይልም። ከፖለቲካ ተንታኞቻችን የጠፋው ይህ «አንድም» ነው። የሚሰጡን አንድ ፍቺ ብቻ ነው፤ እሱም ነገሩ ሳይሰማ በፊት ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ነው።

መጀመሪያ ሁላችሁም የምታውቁትን ጤና መድህን ላንሣ። አገራችን የጤና መድህንን ልትዘረጋ የተነሣችው በሁለት መንገድ ነበር። ለመንግሥት ሠራተኛውና ለጡረተኛው የማኅበራዊ ጤና መድህን አዋጅ ቁጥር 690/2002 ወጣ። ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪውም ያንኑ ያህል እንዲያዋጡ ታሰበ፤ ሠራተኛው አጉረመረመ፤ የሚጀመርበት ቀንም በተደጋጋሚ ተላለፈ። ለገበሬውና በግሉ ሠርቶ ለሚያድረው ደግሞ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀመረ። ከክልላችን ከአማራ የተመረጡት ፎገራ፣ ተሁለደሬና የእኛው የጎጃሙ ደቡብ አቸፈር ነበሩ። ከዚያ ተነሥቶ ነው ዛሬ አብዛኛውን ወረዳ ያዳረሰው።

አሠራሩን ታውቁታላችሁ። እህል ከተሰበሰበ በኋላ አባወራው ወይም እማወራዋ የዓመቱን መዋጮ በቀበሌ ይከፍላሉ፤ መታወቂያ ይሰጣቸዋል ወይም ይታደስላቸዋል። ሲታመሙ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ካስፈለገም በሪፈር ሆስፒታል ሄደው ሳይከፍሉ ይታከማሉ። ያከመው ተቋም ሂሳቡን አጠራቅሞ ለመድህኑ አቅርቦ ይከፈለዋል። መክፈል የማይችለው ድሃ በቀበሌው ተለይቶ መዋጮውን መንግሥት ይሸፍንለታል።

አሁን አንዲት እናት እናስብ። ልጇን ሳንባ ምች ይዞታል፤ ትንፋሹ ቶሎ ቶሎ ይላል፣ ደረቱ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። አዝላው ከገጠር ቀበሌዋ ጤና ጣቢያ ደረሰች። መታወቂያዋን ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ አሳየች። ካርድ ወጣላት፤ ልጁ ተመረመረ፤ አንድ ብር አልተጠየቀችም። ከዚያ መድኃኒት ከሚታደልበት መስኮት ስትደርስ ባለሙያው ወረቀቷን አየና «ይህ እኛ ጋ የለም፤ ከውጭ ግዢ» አላት። ግል መድኃኒት ቤት ሄዳ ዋጋውን ስትጠይቅ በእጇ ካለው በላይ ሆነ፤ ከዘመድ ተበድራ ገዛች። ይህን የማያውቅ ሰው በዚህ አዳራሽ ያለ አይመስለኝም።

ይህችን እናት ሁለት ተንታኞች አይተዋታል። በመንግሥት ጣቢያ የሚናገረው የሚያየው መታወቂያዋን ነው። በወረዳው ስንት ሺህ አባወራ እንደተመዘገበ፣ ዕቅዱ ስንት በመቶ እንደተሳካ ይዘረዝራል፤ አንድ እናት አቁሞም ያስመሰግናል። መስኮቱ ላይ የሆነውን አይናገርም። በውጭ አገር ሆኖ በዩቲዩብ የሚናገረው ደግሞ የሚያየው ከውጭ ግዢ የተባለችበትን ወረቀት ነው። «ይህ መድህን አይደለም፣ ስሙን የቀየረ ግብር ነው፤ አትክፈሉ» ይላል። ልጁ በነጻ መመርመሩን፣ ባትመዘገብ ኖሮ ጭራሽ ከቤት ላትወጣ ትችል እንደነበር አይናገርም። ሁለቱም ያዩት በእርግጥ የሆነ ነገር ነው። ግን እያንዳንዱ ከእናቲቱ ታሪክ ግማሹን ቆርጦ ለወገኑ ወሰደ።

ለልጁ የሚጠቅመው ጥያቄ በሁለቱም መሀል ወድቆ ቀረ። መድኃኒቱ ለምን ጠፋ? ምክንያቱ ብዙ ነው። ጤና ጣቢያው ያከመበት ሂሳብ በጊዜው አልተከፈለው ይሆናል፤ ስለዚህ መግዣ አጥቷል። መድኃኒት አቅራቢው ራሱ በውጭ ምንዛሪ እጥረት አላስገባ ይሆናል። መዋጮው የተተመነው የመድኃኒት ዋጋ እንዲህ ሳይንር ይሆናል። ጤነኛው ሳይከፍል ቀርቶ የሚታመመው ብቻ ከፍሎ ገንዘቡ አልበቃ ብሎ ይሆናል። የመጋዘን አያያዝ ችግርም ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱ ምክንያት የየራሱ መፍትሔ አለው፤ መፍትሔዎቹም እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ። መዋጮ ይጨመር ስትል ድሃው ይወጣል፤ አይጨመር ስትል መድኃኒቱ ያልቃል። ሰዓታት የሚፈጅ ክርክር ቢደረግ እንዲህ ባለው ላይ ነበር መደረግ ያለበት። ይህን ክርክር ግን በየትኛው ጣቢያ ሰማችሁ?

ጥናቱስ ምን ይላል? በሙከራ ወረዳዎቹ የኢትዮጵያና የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች አባወራዎችን ለተከታታይ ዓመታት ጠይቀዋል። ሙከራው በተጀመረ በሁለት ዓመት ገደማ ግማሽ የሚጠጋው አባወራ ገብቶ ነበር፤ በፈቃደኝነት ለሚገባበት መድህን ይህ በአፍሪካ ብዙም ያልታየ ነው። የገቡት ሰዎች ከጤና ተቋም የተመላላሽ ሕክምና ማግኘታቸው ጨመረ፤ የመበደር ዕድላቸውም ቀነሰ። ይህን የመንግሥት ተንታኝ በደስታ ይጠቅሰዋል። እነዚሁ ተመራማሪዎች ግን ሌላም አግኝተዋል፤ በሴፍቲኔት ይረዱ የነበሩ አባወራዎች ከሌላው በላቀ ቁጥር ገብተዋል፤ ከምክንያቶቹ አንዱም የባለሥልጣናት ግፊት ነበር። ይህኛውን ደግሞ ተቃዋሚው ይወደዋል። አንድ ጥናት ሁለቱን እውነት ይዟል፤ እኛ ጋ የሚደርሰን ግን ተከፋፍሎ ነው።

ገበሬው መንግሥት መዋጮ ባለው ቁጥር የሚጠራጠረው «ግንዛቤ ስለሌለው» ነው የሚሉ አሉ፤ በዚህ አልስማማም። ጎጃም የምታስታውሰው አላት። በ1960 ዓ.ም. አዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ሲመጣ ገበሬው መሬቴ ሊለካ፣ ርስቴ ሊሄድ ነው ብሎ ተነሣ፤ ከሞጣና ከቢቸና እስከ ዳሞት ተዋጋ። ጦር መጣበት፤ በአየርም ተደበደበ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ። ግብሩም እዚህ አገር እንደታሰበው ሳይሠራበት ቀረ። ከዚያ ወዲህም በ1989 ዓ.ም. በክልላችን የመሬት ድልድል ሲደረግ ገበሬው በስም ዝርዝር ተፈረጀ፤ «ቢሮክራት»፣ «የፊውዳል ርዝራዥ» የተባለው ከ1 ሄክታር በላይ እንዳይይዝ ተደረገ። በዚያ ዝርዝር አባቱ የተጻፈበት ልጅ ዛሬ አባወራ ነው። የመድህኑ ቦርድ ሰብሳቢ የወረዳው አስተዳዳሪ መሆናቸውን ሲያይ፣ የድሆችን ዝርዝር የሚያጸድቁት የቀበሌ ሹማምንት መሆናቸውን ሲያይ፣ «ያልከፈለ ማዳበሪያ አያገኝም» የሚል ወሬ ሲሰማ ምን ይበል? ጥርጣሬው ምክንያት አለው። ጥፋቱ የዚህን ሰው ጥርጣሬ መርምሮ በመመለስ ፋንታ፣ አንዱ ወገን ሲንቀው ሌላው ወገን የሚነግድበት መሆኑ ነው።

ሲነገድበት ምን እንደሚሆን ደግሞ አይተናል። በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት ወር በምዕራብ ጎጃም ሜጫ፣ አዲስ ዓለም በምትባል ከተማ፣ ለጤና ጥናት የሄዱ ሁለት ተመራማሪዎች በደቦ ተደብድበው ተገደሉ። የተወራባቸው ለልጆች ክትባት እየሰጡ ሊጎዷቸው ነው የሚል ነበር። ክትባት አልሰጡም። በእነዚያ ሰዎች ላይ እጁን ያነሣው ሰው ወንጀሉ የራሱ ነው፤ ማንም ሊሸከምለት አይችልም። ነገር ግን ያ ወሬ ከመሬት አልበቀለም። መርፌ ይዞ የመጣ ሁሉ ዘር ሊያጠፋ ነው የሚለው ንግግር ለዓመታት ሲዘራ ቆይቶ ነበር።

የዚህንም ሥር እንየው፤ ምክንያቱም ጥያቄው መጀመሪያ ሲነሣ ተገቢ ጥያቄ ነበር። በ1999 ዓ.ም. የተደረገው ሕዝብ ቆጠራ ውጤት ሲወጣ የአማራ ክልል ሕዝብ 17.2 ሚሊዮን ሆነ፤ ይጠበቅ ከነበረው ከ2 ሚሊዮን በላይ አነሰ። በፓርላማ ሳይቀር ጥያቄ ተነሣ። ይህ ለማንኛውም አገር ከባድ ጥያቄ ነው፤ የቆጠራውን ዘዴ፣ መረጃውን፣ ስሕተቱን ገልጦ ማስረዳት የሚገባ ነበር። የመንግሥት ወገን ጠያቂዎቹን በጥርጣሬ አየ፤ በቂና ግልጽ መልስም አልሰጠም። ተቃዋሚው ወገን ደግሞ ቆጠራውን ትቶ መርፌውን ያዘ። በጤና ኬላ የምትሰጠው የሦስት ወር የወሊድ መቆጣጠሪያ መርፌ ሕዝብ ማጥፊያ ተባለች።

አሁን ቁጥሩን ከቁጥሩ ጋር እናስተያይ። በሕዝብና ጤና ዳሰሳዎቹ መሠረት የክልላችን ሴት በዕድሜዋ የምትወልደው በአማካይ በ1997 ዓ.ም. 5.1፣ በ2003 ዓ.ም. 4.2፣ በ2008 ዓ.ም. 3.7 ልጅ ነበር። የወሊድ ምጣኔው በእርግጥ ቀንሷል። ግን እንዲህ በዝግታ የሚወርድ ምጣኔ አንድ ቆጠራ ላይ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው ሊያጎድል አይችልም፤ ስለዚህ «ቆጠራው በትክክል ተቆጥሯል ወይ?» የሚለው ጥያቄ እንዳለ ይቆማል፤ መርፌዋ ግን መልሱ አይደለችም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚሉት ይህን ነው። በመሀል የተጎዳችው ልጆቿን አራርቃ ለመውለድ ፈልጋ ከባሏም ከጎረቤቷም ተደብቃ ጤና ኬላ የምትሄደው ሴት ናት። እሷን ማንም ተንታኝ ጠርቶ አልጠየቃትም።

ጤና ኬላ ካልኩ ዘንድ አንድ ነገር ልጨምር። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር በየቀበሌው ሁለት ሴት ሠራተኞች ተመድበው በ16 ዘርፎች ቤት ለቤት እንዲያስተምሩና እንዲያገለግሉ ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1992 ዓ.ም. በተደረገው ዳሰሳ ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ዳሰሳ 67 ሆነ። ይህን ለውጥ ያመጣው ፕሮግራሙ ብቻ ነው አልልም፤ ክትባቱም፣ አጎበሩም፣ መንገዱም፣ ትምህርቱም አለበት። ሆኖም የእነዚያ ሴት ሠራተኞች እጅ አለበት። እነዚያው ሠራተኞች ግን የ1 ለ5 አደረጃጀት እንዲያዋቅሩ፣ የስብሰባ ጥሪ እንዲያደርሱ ይታዘዙ ነበር። የዚያን ጊዜው ገዢ ፓርቲ በጤና ሠራተኛዋ ትከሻ ላይ የራሱን ሥራ ጫነ፤ ተቃዋሚው ደግሞ በእሷ ትከሻ ላይ ለፓርቲው ያለውን ጥላቻ ጫነ። እሷ በሁለቱ መሀል ሆና በጭቃ እየሄደች የክትባት ሳጥኗን ተሸከመች።

ይህ ሁሉ የወገን ጉዳይ መሆኑን እንደ ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም ታሪክ የሚያሳይ የለም። ከ1998 እስከ 2005 ዓ.ም. ድረስ የጤና ጥበቃ ሚኒስትር ነበሩ። በ2009 ዓ.ም. ለዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተርነት ሲወዳደሩ መንግሥትና የመንግሥት መገናኛ ብዙኃን የጤና ሥራቸውን እየዘረዘሩ ቀሰቀሱላቸው፤ ተቃዋሚው ዲያስፖራ ጄኔቫ ድረስ ሄዶ ተቃወማቸው። ከተነሡት ክሶች አንዱ የኮሌራ ወረርሽኝ «አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት» እየተባለ ተደብቋል የሚል ነበር። ክሱ ከባድ ነው። ወረርሽኝ በትክክለኛ ስሙ ካልተነገረ ክትባቱና ዕርዳታው ይዘገያል። ይሁንና ግንቦት 15 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረጡ። ሦስት ዓመት ተኩል ሳይሞላ፣ በሰሜኑ ጦርነት መጀመሪያ፣ ያው መንግሥት፣ መሪዎቹ ተቀይረው፣ ሰውየውን በአደባባይ ከሰሰ፤ ቀድሞ ያወደሳቸው ጣቢያም ያንኑ የጤና ሥራ ማንሣት ተወ። የሚኒስትርነት ዘመናቸው መዝገብ በእነዚያ ዓመታት አንድ መስመር አልተለወጠም። ሰውየውን ልፈርድባቸውም ላነጻቸውም አልመጣሁም። መዝገቡን የመረመረ ሰው እንዳልነበረ ግን ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ይህ የእኛ ብቻ እርግማን አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በማሳቹሴትስ ግዛት ሁሉም ነዋሪ የጤና መድህን እንዲኖረው የሚያዝ ሕግ በ2006 እ.ኤ.አ. ሲወጣ የፈረሙት የሪፐብሊካን ፓርቲው ገዢ ሚት ሮምኒ ነበሩ። ከአራት ዓመት በኋላ የዴሞክራቱ ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ በዚያው አምሳል የአገሪቱን ሕግ ሲያወጡ በምክር ቤቶቹ አንድም ሪፐብሊካን ድምፁን አልሰጠበትም። ጄፍሪ ኮኸን የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ2003 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ለተማሪዎች የድሆች ድጎማ ዕቅድ አስነበበ፤ ለአንዱ ቡድን የራሱ ፓርቲ ደግፎታል አለ፣ ለሌላው ተቃራኒው። ተማሪዎቹ ዕቅዱን ትተው ፓርቲያቸውን ተከተሉ። ከሁሉ የሚያስደነግጠው ግን፣ ስትፈርዱ ምን አያችሁ ሲባሉ የዕቅዱን ይዘት አየን ማለታቸው ነው። አልዋሹም፤ እንደዚያ ያደረጉ መስሏቸው ነበር። እንግዲህ የተማረ ሰው ከዚህ ይድናል የምንል ከሆነ ተሳስተናል።

በአህጉራችንም ጋና አለች። የብሔራዊ ጤና መድህን ሕጓን በ2003 እ.ኤ.አ. ስታጸድቅ ተቃዋሚው ፓርቲ ከምክር ቤት ወጥቶ ነበር። ያው ፓርቲ በ2008 እ.ኤ.አ. ምርጫ መድህኑን ሊያፈርስ አልተነሣም፤ አንድ ጊዜ ብቻ ተከፍሎ ዕድሜ ልክ የሚያገለግል አደርገዋለሁ ብሎ ተወዳደረ፤ አሸነፈም። የገባውን ቃል አልፈጸመውም፤ መድህኑ ግን መንግሥት ሲቀየር አልፈረሰም። ይህ እኛ ገና ያልደረስንበት ደረጃ ነው። ፓርቲዎች መድህኑ ይኑር አይኑር ማለታቸውን ትተው እንዴት ይሻል በሚለው የሚጣሉበት ደረጃ ማለቴ ነው።

ወደ ቅርቡ ልመለስ፤ ምክንያቱም ሕመሙ ትኩስ ነው። በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ወር የጤና ባለሙያዎች በመላ አገሪቱ ደመወዛችን ይሻሻል፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያችን ይከፈል፣ እኛው ራሳችን ስንታመም የምንታከምበት ይኑረን ብለው አስቀድመው ቀን ሰጥተው ጠየቁ፤ ከዚያ ሥራ አቆሙ። ፌደራል ፖሊስ 47 የጤና ባለሙያዎችን መያዙን አስታወቀ፤ ከዚያም በኋላ እስሩ ቀጠለ። የጤና ባለሙያዎች ማኅበርም ታገደ። በመንግሥት ወገን ያሉ ተንታኞች በአንድ ድምፅ «ከጀርባው የፖለቲካ እጅ አለ» አሉ። በሌላው ወገን ያሉት ደግሞ ጥያቄው መንግሥት የሚወድቅበት ማዕበል እንደሆነ አድርገው አራገቡት፤ ሐኪሞቹ ያላሉትን በስማቸው አወሩ። አስተውሉ፤ ሁለቱ ተቃራኒ የሚመስሉ ወገኖች የተናገሩት አንድ ነገር ነው። ሁለቱም የደመወዝ ጥያቄውን የሥልጣን ጥያቄ አደረጉት። ያንን ቃል ፖሊስም ተጠቀመበት።

በእነዚያ ሳምንታት መነሣት የነበረበትን ልንገራችሁ። ሰባት ዓመት ያህል ተምሮ የወጣ ሐኪም በወር ደመወዙ ቤት ተከራይቶ ልጅ ማሳደግ ካልቻለ ወደ ሶማሌላንድም ሆነ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ይሄዳል፤ የሄደው ሐኪም ቦታ በማን ይተካል? የዞን ሆስፒታል ሐኪም ሲያጣ ሪፈር የተጻፈለት ሰው ወዴት ይሂድ? ደመወዙ ከየት በጀት ይጨመር? መድህኑስ ከዚህ ይሸፍን ወይስ ግምጃ ቤቱ? በሌላ በኩል ደግሞ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ሥራ ማቆም የት ድረስ ይፈቀዳል? በምጥ ላይ ያለችው እናትስ? ይህኛው ጥያቄ ሐኪሞቹን የሚደግፍ ሰው ሊሸሸው የማይገባ ነው። እኔ ጥያቄያቸው ትክክል ነበር፣ እስሩም ስሕተት ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ይህን እያመንኩ ግን በዚያ ሳምንት ሆስፒታል ደርሳ የሚያያት ያጣች እናት ካለች በደሏን መደበቅ አይገባኝም።

ስለ ክልላችን ጦርነትም ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን በሆነው ነገር የጤና ተቋማትና ባለሙያዎች ምን እንደደረሰባቸው እዚህ ካላችሁት የጤና ባለሙያዎች በላይ የሚያውቅ የለም። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2016 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ባወጣው ሪፖርት የመንግሥት ኃይሎች በክልሉ በሐኪሞች፣ በሕሙማንና በአምቡላንሶች ላይ ያደረሱትን ጥቃት ዘርዝሯል። አንዱ ወገን ሪፖርቱን ሳያነብ ጣለው፤ ሌላው እያውለበለበ ወጣ። እያውለበለበ የወጣው ግን የራሱ ሰዎች አምቡላንስ አስቁመው እንደሆነ ወይም ሐኪም አስፈራርተው እንደሆነ ሲጠየቅ ጠያቂውን ባንዳ ይለዋል። አምቡላንስ መነካት የለበትም ማለት ማንም ይንካው ማን መነካት የለበትም ማለት ነው። በዚህ ጉዳይ ቲፎዞ የሆነ ሰው ስለ ጤና የመናገር መብቱን በገዛ እጁ አጥቷል ባይ ነኝ።

አሁን የምጠይቃችሁን ልናገርና ላብቃ። ለሦስት ወገን ነው።

እዚህ ያላችሁ የወረዳና የቀበሌ ኃላፊዎች ሆይ፤ የመቶኛ ሪፖርት ሕዝቡን አያሳምነውም። የመድህኑን ገቢና ወጪ በሰፊ ወረቀት ጽፋችሁ በየቀበሌው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ለጥፉት። ዘንድሮ ስንት ብር ተሰበሰበ፣ ለየትኛው ጤና ጣቢያና ሆስፒታል ስንት ተከፈለ፣ ስንት ዕዳ ቀረ የሚለው ይታይ። በነጻ የሚታከሙት ድሆች ስም ዝርዝር በጎጥ ስብሰባ፣ ካህናቱና ሽማግሌዎቹ ባሉበት ተነቦ ይጽደቅ። መድህኑን ከማዳበሪያም ሆነ ከሌላ አገልግሎት ጋር የሚያያይዝ ሰው ካለ በአደባባይ ተዉ በሉት። ይህን ስታደርጉ የሚያሙት ሰዎች የሚያሙበት ያጣሉ።

በመገናኛ ብዙኃን የምትናገሩ፣ በውስጥም በውጭም ያላችሁ፤ ገበሬውን «አትክፈል» ከማለታችሁ በፊት ያልከፈለው ሲታመም ማን እንደሚያሳክመው ንገሩት። «ሁሉም ተሳክቷል» ከማለታችሁ በፊት መድኃኒት ከሚታደልበት መስኮት ፊት ለፊት ግማሽ ቀን ቁሙ። ያንኑ ዕቅድ የምትጠሉት ወገን አምጥቶት ቢሆን ምን ትሉ እንደነበር ከመናገራችሁ በፊት ጻፉት፤ ከዚያ ሁለቱን አስተያዩ።

እናንተ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ አባቶቼና እናቶቼ ደግሞ፤ መድህኑ የእናንተ ነው፤ ጠቅላላ ጉባኤም አለው፤ ከየቀበሌው የተወከሉ ሰዎች የሚቀመጡበት ነው። የእናንተ ቀበሌ ተወካይ ማን እንደሆነ ከዚህ ስትወጡ ጠይቁ። ስሙን የሚያውቅ ካጣችሁ ለቀበሌው አመልክታችሁ በቀጣዩ ስብሰባ አስመርጡ። የመረጣችሁትንም መድኃኒቱ የጠፋው ለምንድነው፣ ዕዳው ስንት ነው፣ መቼ ይከፈላል ብላችሁ ጠይቁት፤ መልሱንም በጽሑፍ ይዞላችሁ ይምጣ።